ጎርፍ የገባበትን ቤት ስለ ማድረቅ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ግንበኛም መሐንዲስም አይደለንም። ነገር ግን ጎርፍ ያስተማረንን እንድንናገር ኮሚቴው ስላዘዘን ጥቂት ደቂቃ ታገሡን።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት እንዳጠፋ ታስታውሳላችሁ። እኛ ቤት ውሃ የገባው ግን ባለፈው ክረምት ነው። የመንደራችን ቦይ በፌስታልና በአፈር ተደፍኖ ስለ ነበር፤ ውሃው ሌሊት በበሩ ሥር ገብቶ እስከ ጉልበት ደረሰ። ሲነጋ ጎረቤት ተሰብስቦ በባልዲ ቀድቶ አወጣልን። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ውሃው ወጣ፤ ግድግዳው ግን ጠጥቶ ቀረ። የሰፈራችን ቤት አብዛኛው የጭቃ ቤት ነው። ጭቃ ደግሞ ውሃን ይመጥጣል፤ ከታች ወደ ላይም ይስበዋል። ታዲያ እኛ ቸኩለን ሁለት ስሕተት ሠራን።

አንደኛው፤ ዝናቡ አላባራ ስላለ በርና መስኮት ዘግተን ሁለት ምድጃ ከሰል አቀጣጠልን። ግድግዳው ሲሞቅ ይደርቃል ብለን ነው። ጥቂት ቆይቶ የልጆቻችን እናት ራሷን አዞራት፤ አስመለሳት። ትንሿ የልጅ ልጃችንም ፍዝዝ አለች። ለቡና ልትጠራን የመጣች ጎረቤት በሩን ባትከፍተው ኖሮ የእድሩ ድንኳን ያን ቀን እኛ ደጅ ይተከል ነበር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም እኮ! በተዘጋ ቤት ሰውን እንደ ተኛ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው፤ መስቀል ደረሰ፤ እንግዳ ይመጣል ብለን በእርጥቡ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም ቀባን። ለጊዜው አማረ። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፤ ኅዳር ላይ ቀለሙ አብጦ ተላጠ፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባም ጥቁር ሻጋታ ወጣ። አስም ያለበት ልጃችን ሌሊቱን ሲያስል ያድር ጀመር። የዘይት ቀለምና የሲሚንቶ ልስን እርጥበቱን አፍነው ይይዙታል፤ ውስጡ ያለው ማገርም ይበሰብሳል።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ ይኸውላችሁ።

ከሁሉ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ሽቦ የገባበትን እርጥብ ግድግዳ አትንኩ። ግድግዳው ከግርጌው ካበጠ ወይም ካዘነበለ ሰው አጠገቡ አይተኛ፤ በእንጨት ይደገፍ፤ ባለሙያም ይየው።

ሻጋታ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላልና በዚያው ቀን ፍራሹን፤ ምንጣፉንና ከግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አውጡ። ቁም ሣጥንና አልጋ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቁ። የረጠበው ቀለምና የላላው ምርጊት ይፋቅ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳውን የሚያደርቀው ንፋስ ነው። ዝናብ ባባራ ቁጥር ትይዩ ያሉትን በርና መስኮት ክፈቱ። ይህም የሳምንት ሥራ አይደለም፤ ወራት ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ጠል ከታየ ገና ነው፤ ቀለም አትቀቡ።

ሻጋታ የያዘውን ጭቃ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ካረጠባችሁት በኋላ ፋቁት፤ በደረቁ ከተፋቀ ይቦናል። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ አንድ ኩባያ በረኪና በአራት ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ፤ መስኮት ከፍታችሁ እጠቡት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ግድግዳው ሲደርቅ የጭቃውን ቤት በጭቃ መርጋችሁ ኖራ ቀቡት፤ ኖራ ያስተነፍሰዋል።

በመጨረሻም ለኮሚቴው ሁለት ነገር እንለምናለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሰኔ ሳይገባ ቦዩን በጋራ እንጥረግ። ደሞም ጎርፍ የገባበት አባል ቤቱ እስኪነፍስ ድረስ ዕቃውን እንዲያስቀምጥበት ድንኳኑ ይፈቀድለት። ዕቃ መከመሪያ ያጣ ሰው ነው እኮ በሩን ዘግቶ ከሰል የሚያነደው። ድንኳናችን ለሐዘን ከመተከሉ በፊት ለሕይወት ቢተከል ምን ይጎዳናል?