የመግቢያና የመውጫ ሒሳብ



ፊዚክስ መማር ስንጀምር፥ ተርባይን ውሃ የሚጨርስ መስሎን ብዙ ተከራክረን ነበር። በኋላ ግን ሁለት ሒሳብ ተማርንና ስሕተታችን ተገለጠልን።

የመጀመሪያው የመጠን ሒሳብ ነው፤ አወራረዱ ካልተለዋወጠ፥ በየሴኮንዱ የገባው ውሃ ሁሉ ሳይጎድል ይወጣል። ሁለተኛው የጉልበት ሒሳብ ነው፤ ውሃው ይዞት የገባው ጉልበት፥ ለተርባይኑ ከሚሰጠው፥ ይዞት ከሚወጣውና በሙቀት ወደ ውጭ ከሚያመልጠው ድምር ጋር እኩል ነው።

ለዚህ ምስክራችን ጊቤ ነው። በግልገል ጊቤ አንድ ሠርቶ የወጣው ውሃ 26 ኪሎሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ፥ 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ፥ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የግልገል ጊቤ ሁለትን ተርባይኖች ያሽከረክራል። በዚያ ቁልቁለት እያንዳንዱ ኪሎግራም ውሃ ለሥራ የሚያቀርበው ጉልበት 4,900 ጁል ያህል ነው።

እንግዲህ ውሃው አላለቀም፤ ያለቀው ከፍታው ነው። ከፍታውንም በነጻ የሚመልሱልን ፀሐይና ዝናም ናቸው። በባዶ ክፍል መብራት ትተን ስንሄድ የምናባክነው ይህንኑ ከፍታ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ካወቅን ዘንድ፥ ዛሬ ማታ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ መብራቱን እናጥፋ።