በመጠለያ ጣቢያ የሕሙማንን ችግር ስለ መለየትና ቅድሚያ ስለ መስጠት



በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ በደረሰው ድርቅ ምክንያት በኮረም፣ በባቲና በመቀሌ ለተሰበሰበው ሕዝብ የሚያስፈልገው እህል ብቻ ነው የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ ነበር። ይሁን እንጂ እህል ከደረሰም በኋላ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና የደጋው የሌሊት ብርድ የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፈዋል። በመቀሌ የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ የነበረችው ክሌር በርትሺንገር፣ በሰልፍ ከሚጠብቁት እጅግ ብዙ ሕፃናት መካከል ቦታ የሚገኝላቸውን ጥቂቶች የመምረጥ ከባድ ግዴታ ወድቆባት ነበር። ምርጫው ግን በበር ላይ አያበቃም። ሕፃኑ ከገባ በኋላም ካሉበት ብዙ ችግሮች የትኛው መቅደም እንዳለበት መወሰን ያስፈልጋል።

ሐኪም በሽታውን በስሙ ይጠራል። ነርስ ደግሞ በሽታው በሕመምተኛው ላይ ያስከተለውን ችግር ከነምክንያቱና ከነምልክቱ ለይታ ትመዘግባለች። ይህ አሠራር መደበኛ መልክ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ ነው። «ከፍተኛ የምግብ እጥረት» የሚለው ስም ሕመሙን ይገልጻል፤ ነርሷ በመጀመሪያው ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለባት ግን አይነግራትም።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን በምሽት ወደ ጣቢያው ደረሰ እንበል። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። እግሮቹ አብጠው፣ በጣት ሲጫኗቸው ጎድጉደው ይቀራሉ። ያስቀምጠዋል፤ ሰውነቱ ቀዝቅዟል፤ ለማልቀስም አቅም የለውም። የተመልካችን ዓይን ቀድሞ የሚስበው ክሳቱና እብጠቱ ነው። በዚያው ሌሊት ሊገድሉት የሚችሉት ግን የደም ስኳር ማነስ፣ የሰውነት ሙቀት መውረድና የተሸሸገ ልክፈት ናቸው።

ስለዚህ ሕፃኑ መዋጥ የሚችል ከሆነ ነርሷ በመጀመሪያ 50 ሚሊ ሊትር ከመቶ አሥር እጅ ስኳር ያለበት ውሃ ትሰጠዋለች። የብብቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከሆነ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ታስተቃቅፈውና ራሱን ሸፍና በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። የተጎዳ ሰውነት ትኩሳት ላያሳይ ስለሚችል፣ ትኩሳት እስኪታይ ሳይጠበቅ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይጀመርለታል። ከዚያም ኤፍ 75 የተባለው ወተት በየሁለት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቀንም ሌሊትም ይሰጠዋል።

መዘግየት ያለባቸውን ነገሮች ማወቅም የቅድሚያ አሰጣጥ አካል ነው። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ምግብ ወይም ብዙ ፈሳሽ መስጠት የደከመውን ልብ ሊያቆም ይችላል። ለእብጠቱ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አይሰጥም። የብረት ማዕድንም ሕፃኑ አገግሞ ክብደት መጨመር እስኪጀምር ይቆያል።

ቅደም ተከተሉ እንደ ቦታው ይለያያል። ከደጋ ወደ ቆላ የሠፈራ ጣቢያ ለሄደ ቤተሰብ፣ ትኩሳት ሲታይ በአስቸኳይ መመርመር ያለበት ወባ ነው። የምግብ ፍላጎቱ ያልጠፋና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ሕፃን ደግሞ ዛሬ ለመብላት የተዘጋጀ የለውዝ ምግብ እየተሰጠው በቤቱ ሊታከም ይችላል። በዚህም የጣቢያው አልጋ እጅግ ለታመመው ይቀራል።

ከዚህ ላይ በኃላፊዎች ዘንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጭነት ዝርዝር ላይ ስኳር፣ ብርድ ልብስ፣ ቴርሞሜትርና የሌሊት መብራት ከእህል ጎን ሲታዩ አነስተኛ ይመስላሉ። እነዚህ ከሌሉ ግን ነርሷ በትክክል የለየችው ችግር በመዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል። ቀን በሠራተኛ የተሞላ፣ ሌሊት ግን ተረኛ የሌለው ጣቢያም በየሁለት ሰዓቱ የሚሰጠውን ወተት ሊሰጥ አይችልም።

እንግዲህ ጣቢያ የሚጎበኝ ኃላፊ ስንት ኩንታል እንደ ገባ ከጠየቀ በኋላ፣ ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛው ማን እንደ ነበረና ለየትኛው ሕፃን ምን እንደ ሰጠ ከመዝገቡ ላይ ይመልከት። የጣቢያው ሥራ የሚመዘነው በዚህ ነው።