የአባቶቻችን የውሃ ጉድጓዶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በኦሪት ዘፍጥረት ስለ ይስሐቅ የተጻፈውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። አባቱ አብርሃም ያስቈፈራቸውን የውሃ ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን በቅንዓት ተነሣሥተው በአፈር ደፈኑአቸው። ይስሐቅም በጌራራ ሸለቆ ተቀምጦ እነዚያኑ ጉድጓዶች እንደ ገና አስቈፈረ፤ አባቱ ባወጣላቸውም ስም ጠራቸው። ይህን ታሪክ በሰማን ቍጥር ራሳችንን ከይስሐቅ ወገን እናደርጋለን፤ ከፍልስጥኤማውያን ጋር መቈጠር ግን በልባችን አይመጣም። ዛሬ፥ ነገሩ ቢከብድም፥ ስለ አፈሩ እንነጋገራለን።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከእርሱ ይነሡና የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በዚያ አገር ላይ በአውሮፕላን ያለፈ ሰው ከታች የሚያየው በተራቈተ እርሻ መካከል እንደ ደሴት ተነጣጥለው የቆሙ አረንጓዴ ክበቦችን ነው። በእያንዳንዱ ክበብ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለች። ጽዱ፥ ወይራው፥ ዝግባውና ዋንዛው ለቤተ ክርስቲያን እንደ ልብሷ ነው ብለው አባቶቻችን ጠብቀው አቈዩልን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

የሚያሳዝነን ክበቡ የሚያበቃበት ቦታ ነው። ዝናቡ አንድ ነው፤ በአጥሩ ውስጥም በአጥሩ ውጭም እኩል ይዘንባል። በውስጥ ያለው ጠብታ ግን አስቀድሞ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከቅጠል ወደ ቅርንጫፍ፥ ከቅርንጫፍ ወደ ረገፈው ቅጠል ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሥሮቹ በከፈቱለትም መንገድ ወደ መሬት ሆድ ይገባል። ከዚያም ክረምቱ አልፎ በጋው ሲጠና ከታች በኩል ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ጠበል ብለን የምንጠመቅበት ይኸው ነው። በውጭ ያለው ጠብታ ራቁቱን ያለ መሬት ይመታል፤ አፈሩን አንሥቶ ቍልቍል ይሮጣል፤ በማግስቱም የለም። በአንዲት የገጠር ደብር በሚያዝያ ወር ሴቶች ጠበሉ እየተንጠባጠበ እንስራቸውን እስኪሞላ ድረስ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ሲጠብቁ አይተናል። ከጠበሉ በላይ ያለው ጋራ እስከ ጫፉ ታርሶ ነበር።

ገበሬውን ብቻ አንወቅስም። ልጅ ሲበዛና መሬት ሲጠብ ገደሉንም ያርሳል፤ እንጨት ሲያጣ ኩበት ያነዳል፤ ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ኩበት ሲነድም እርሻው ይደኸያል። የምንወቅሰው እግዚአብሔርን መፍራታችን ከአጥሩ ድንጋይ ላይ መቅረቱን ነው። በአጥሩ ውስጥ ቅርንጫፍ መስበር የሚያስደነግጠን፥ ከአጥሩ ውጭ ጋራውን ስንመነጥር ግን ሌላ አምላክ የፈጠረው ይመስለናል። በአጥሩ ውስጥስ ቢሆን ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላው፥ ያረጀውን ዛፍ የሚተካ ልጅ እግር ዛፍ ማነሱን እኚሁ ሊቅ ገልጸዋል።

ከጉና የታጠበው አፈር ወዴት ይሄዳል? ጣና ይገባል። ከአፈሩ ጋር የእርሻው ማዳበሪያ፥ ከከተማውም ቈሻሻ ይጨመራል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ ሲታይ ግብሩ ተዘጋጅቶ ቆየው። አበባው ያማረ ነው፤ ከሥሩ ግን ብርሃንና አየር ይጠፋል፤ ታንኳም መንገድ ያጣል። በጣና ብቻ ከሚገኙት የዓሣ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ክረምት ሲወጣ ወደ ወንዞቹ ወጥተው በጠጠር ላይ ይወልዳሉ፤ ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቍላላቸው ይታፈናል። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ውሃው ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቅሏል። ድካሙ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የአረሙ ቀለብ ከጋራው ላይ መውረዱን አላቋረጠም።

አንዳንዶች ግን፥ የተለወጠው የሰማዩ ጠባይ ነው እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም ይሉናል። ሰማዩ መለወጡስ እውነት ነው። በዓለም ላይ ከሰልና ነዳጅ በብዛት በመቃጠሉ አየሩ ሞቋል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር አየሩ ሊሸከም የሚችለው እንፋሎት ከመቶ 7 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ሲቀርም ፈጽሞ ይቀራል። በዚህ ማቃጠል የአገራችን ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ሲጓደል፥ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነዋል። ይሁን እንጂ ዝናቡ እንዲህ የማይታመን ከሆነ፥ የወረደችውን ጥቂቷን ጠብታ የሚያስቀር መሬት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስፈልገናል። የሌላው ኃጢአት የእኛን ንስሐ አያስቀርም።

እንደ ይስሐቅ ያደረጉም አሉ። በትግራይ፥ ከውቅሮ አጠገብ፥ በነገሥታቱ በአብርሃ ወአጽብሐ ስም በተጠራችው መንደር ሕዝቡ ጋራውን ከከብት ከለለ፤ እርከን ሠራ፤ ቦረቦሩን በድንጋይ ገደበ። ውሃው ወደ መሬት መግባት ሲጀምር የደረቁት ጉድጓዶች ውሃ አፈለቁ፤ በጠፍ መሬትም ላይ ፍራፍሬ ተተከለ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የልማት ፕሮግራም የኢኳተርን ሽልማት ሰጣቸው። ይህ ሁሉ የተሠራው በዶማና በድንጋይ ነው።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያችሁ በሚመጣው ጊዜ ስለ አጥር ሲመክር፥ ይህንም ጨምሩበት። ድንጋዩ ከእርሻው ላይ ይለቀም፤ ለገበሬውም እርሻው ይጠራለታል። አጥሩ ሲሠራ ጥቂት ወደ ውጭ ይስፋ፤ ከጠበሉ በላይ ያለው ጋራ ወደ ውስጥ ይግባ፤ መሬቱ የሰው ድርሻ ከሆነም ደብሩ ምትክ ይፈልግለት። በርም ይደረግለት፤ ከብት እንዳይገባ። ባሕር ዛፍ በምንጭ ራስ ላይ አትትከሉ፤ ለቤት ሥራ ቢጠቅምም ውሃ ይጠጣል። ወይራና ዋንዛ ትከሉ፤ ጥላቸውን የሚያዩት የዛሬዎቹ ዲያቆናት በሸመገሉ ጊዜ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።