የአተር ሥር አበስብስ በሽታ እና የፈንገሱ የዘረመል ልዩነት



ዛሬ ማለዳ ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ ዊንጌት ጋ አንዲት እናት አተር በጣሳ እየሰፈሩ ሲሸጡ አገኘሁ። ከየት እንደ መጣ ብጠይቃቸው፣ «ከሰላሌ ያመጣሁት የአምና ነው፤ የዘንድሮውማ ማሳው ውኃ ቋጥሮ ገና ሳያብብ ቢጫ ሆኗል» አሉኝ። አባባላቸው ግማሽ እውነት ነው። በመረሬ አፈር ላይ የተኛ ውኃ ሥሩን አየር ይነሣዋል፤ የተዳከመውን ሥር የሚያበሰብሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ከእነዚህ አንዱ ፉሳሪየም ሶላኒ ይባላል።

አተር ያለ መከላከያ አልተፈጠረም። ሲጠቃ ፒሳቲን የተባለ ፈንገስ የሚጎዳ ውሁድ ያመነጫል፤ ክሩክሻንክና ፔሪን ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። አተርን አጥብቀው የሚያጠቁት የፉሳሪየም ሶላኒ ነገዶች ግን ፒሳቲንን የሚያመክን ኤንዛይም አላቸው። የሚያስደንቀው የዚህ ኤንዛይም ዘረመል መቀመጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተሉ በታተመው ነገድ ውስጥ 17 ክሮሞዞሞች ተገኝተዋል፤ ዘረመሉ ያለው 14ኛው ላይ ነው። ፈንገሱ ያን ክሮሞዞም ቢያጣ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ችግር ያድጋል፤ አተር ላይ ሲያርፍ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። በማይክሮስኮፕ መንታ የሚመስሉ ሁለት ናሙናዎች አንዱ አራጅ፣ ሌላው ለማዳ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

አተርን የሚያጠወልገው ፉሳሪየም ኦክሲስፖረምም 1፣ 2፣ 5 እና 6 ተብለው የሚለዩ ዘሮች አሉት። 1ኛውን የሚቋቋመው የአተር ዘረመል 2ኛውን አያስቆምም።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ወጣት ተመራማሪ ሳለሁ የአተር መሥመሮችን የፈተንሁት ከአንድ ማሳ ባገኘሁት አንድ ናሙና ብቻ ነበር። «ተቋቋሚ» ብዬ የመዘገብኋት መሥመር ሌላ ወረዳ ተዘርታ በሁለተኛው ዓመት ጠወለገች። የገበሬው ቁጣ ተገቢ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ማቀዝቀዣው ሞልቶ ስለ ነበር ያን ናሙና ጥዬዋለሁ፤ የተለየው ፈንገሱ ይሁን አፈሩ ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንካችን የእህል ዘሮችን ከነተሰበሰቡበት ቦታ መዝግቦ ያኖራል። ለፈንገሱም እንዲሁ ልናደርግለት ይገባል። በትግራይና በሰሜን ወሎ የሚበቅለውን ደቆቆ እንኳ በአንድ ናሙና ፈትነን ወደቀ ወይም አለፈ ብንል ፍርዱ ከእኔ የድሮ ፍርድ አይሻልም።

የመስክ ሥራው ቅዳሜ ይጀምራል። እናቲቱ የመንደራቸውን ስም ነግረውኛል። ተማሪዎቼ፣ ከጠወለገውም ከጤነኛውም ሥር ውሰዱ፤ በወረቀት ከረጢት እንጂ በላስቲክ አትቋጥሩ፤ በላስቲክ የታፈነ ሥር እስክንመለስ ሌላ ሻጋታ ያበቅላል።