«ምን አጥፍታ ነው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚልኳት?»

(ከቴሌቪዥን ሐተታ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ዛሬ ከአገር ቤት ፖለቲካ ትንሽ ዞር ብዬ እዚሁ ደጃችን ላይ ያለ ጉዳይ ላነሳ ነው።

በቅርቡ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ተበሳጭቷል። «ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ አንድም ሲ አምጥታ አታውቅም። አሁን ትምህርት ቤቱ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ትውሰድ ብሎ ወረቀት ላከ። ምን አጥፍታ ነው?» አለኝ። ወረቀቱን አንብብልኝ አልኩት፤ አነበበልኝ። ልጅቷ ያጠፋችው ነገር የለም። ወረቀቱ የመጣው ጎበዝ ስለሆነች ነው።

ነገሩ ዱዋል ኢንሮልመንት ይባላል። ተማሪው ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ኮርስ ይወስዳል፤ ክሬዲቱ በሁለቱም በኩል ይቆጠርለታል። የሜሪላንድ ምክር ቤት የገዥውን ቬቶ ሽሮ በ2021 ሕግ ያደረገው «ብሉፕሪንት» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ፣ ለኮሌጅ ዝግጁ ናቸው የተባሉ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የኮርሱን ክፍያ ከኪሳቸው እንዳይከፍሉ ያደርጋል። ዝርዝሩ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። አባትዬው ግን በሌሊት ታክሲ እየነዳ ለኮሌጅ የሚያጠራቅመውን ገንዘብ የሚያስቀርለትን ወረቀት ሊቀደው ነበር።

እሱን ብቻ አልወቅስም። እኛ ማትሪክ ሲለጠፍ ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ ያደግን ነን። ኋላም አስረኛ ክፍል ያለፈው መሰናዶ ሲገባ፣ ያላለፈው 10+1፣ 10+2 ተብሎ ቴክኒክና ሙያ ይመደብ ነበር። ስለዚህ ሙያ የሚለው ቃል በጆሯችን ውስጥ «ወደቀ» ማለት ሆኖ ቀርቷል። ያንን ጆሮ ይዘን ነው ውቅያኖስ የተሻገርነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ልጅሽ የት ገባች?» ስንባል የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስም ካልጠራን አንገታችንን እንደፋለን። ዕዳውን ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም አይጠይቅም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ነርስነት። በመካከላችን ነርስ የሌለበት ቤተ ዘመድ ጥቂት ነው። በአሜሪካ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ዲግሪ የያዘ ነርስና ከዩኒቨርሲቲ ባችለር የያዘ ነርስ አር ኤን ለመሆን የሚቀመጡበት የፈቃድ ፈተና አንድ ነው፤ ኤንክሌክስ ነው። እርግጥ ብዙ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ይመርጣሉ። ግን ፈቃዱን ይዞ፣ እየሠራ፣ ደመወዝ እያገኘ ባችለሩን መጨረስ ይቻላል። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኖቫ የምንለው ኮሌጅ ስፕሪንግፊልድ ላይ ለሕክምና ትምህርት ብቻ የተለየ ካምፓስ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ሃይስኩሉና ኮሌጁ ቢገናኙም ሦስተኛው ካልገባበት ነገሩ ጎዶሎ ነው። ሦስተኛው ቀጣሪው ነው። በ2011 ብሩክሊን ውስጥ ፒ-ቴክ የሚባል ትምህርት ቤት ሲከፈት የከተማው ትምህርት ቢሮ፣ የከተማው ዩኒቨርሲቲና አይ ቢ ኤም አብረው ነው የጀመሩት። ልጁ ከዘጠነኛ ክፍል ገብቶ በስድስት ዓመት ውስጥ የሃይስኩል ዲፕሎማና የሁለት ዓመት ዲግሪ ይዞ ይወጣል። ኩባንያው አማካሪ ይመድባል፣ ኢንተርንሺፕ ይሰጣል። ልጁ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሰው ቢሮ ውስጥ እንዴት እንደሚናገር ያያል። የእኛ ልጆች የሚጎድላቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሒሳቡን ያውቁታል፣ የሚያስገባቸው ሰው ግን የላቸውም።

ሜሪላንድም የራሷ መንገድ አላት። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ተማሪ ሃይስኩል እየተማረ በተፈቀደለት ቀጣሪ ዘንድ ቢያንስ 450 ሰዓት፣ በክፍያ፣ ሙያ እየለመደ ይሠራል፤ ከሥራው ጋር የተያያዘ ትምህርትም ይወስዳል። ሕጉ እስከ 2030-31 የትምህርት ዘመን ድረስ 45 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች የሙያ ልምምድ ወይም ኢንዱስትሪው የሚቀበለው የሙያ ምስክር ወረቀት ይዘው እንዲመረቁ ግብ አስቀምጧል። ይህን ያህል ልጅ የሚቀበል ቀጣሪ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሽማግሌም ቢቆጣኝ እናገራለሁ። እኛም ቀጣሪዎች ነን። ሆም ኬር ያላችሁ፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ የታክስና የሒሳብ ቢሮ የከፈታችሁ አላችሁ። ልጆቻችን ከእኛ ራቁ እያልን በየስብሰባው እናለቅሳለን፤ ስንቶቻችን ነን በአቅራቢያችን ያለውን ሃይስኩል ደውለን «አንድ ተማሪ ልቀበል» ያልነው? በነጻ ጉልበት ቆሻሻ የሚያወጣ ልጅ ማለቴ አይደለም። በክፍያ፣ ሙያ የሚማር ልጅ ማለቴ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ ሁሉም ነገር ወተትና ማር አይደለም። ልጁ ሃይስኩል እያለ የሚያመጣው የኮሌጅ ውጤት በኮሌጅ መዝገቡ ላይ ይቀራል። ቢወድቅ ኋላ የገንዘብ እርዳታ ሲጠይቅ ሊከተለው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አራት ኮርስ አታሸክሙት፤ በአንዱ ይጀምር። ክሬዲቱም ሁሉም ዘንድ አይቆጠርም። በተለይ የግል ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ስቴት የሚያስብ ልጅ ካላችሁ፣ ይህ ኮርስ የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ለየትኛው ዲግሪ ይያዛል ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚያካሂዱት አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ተማሪው የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርለት ከመጀመሪያው ያውቃል። እንዲህ ያለውን ፈልጉ።

ይህ ሁሉ ያለው በሃይስኩል ካውንስለር ቢሮ ነው። ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ፣ በዘጠነኛና በአስረኛ ሂዱ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም የምትሉ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የማይፈልገውን አይተረጉምላችሁም።

ወዳጄ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ወረቀቱን ፈርሞታል። ልጅቷ የመረጠችው ኮርስ ስታቲስቲክስ ነው። አሁን የቀረው ጥያቄ ማን ያመላልሳታል የሚለው ነው፤ እናቷ የማታ ሺፍት ናት፣ እሱም በዚያ ሰዓት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነው።

ለዛሬ በዚሁ ላብቃ።