ተጠቃሚዎች የነደፉት ፋኖስ



በየአገሩ ተበታትነው የሚኖሩ፣ የእጅ ባትሪ እየፈቱ መግጠምን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች፣ ሶፊርን ከተባለው የቻይና አምራች ጋር ተባብረው ኤልቲ1 የተሰኘውን ፋኖስ በ2019 እ.ኤ.አ. ለገበያ አበቁ። ፋኖሱ በአራት የሊቲየም ባትሪዎች ይሠራል፤ የብርሃኑም ቀለም ከ2700 እስከ 5000 ኬልቪን እንደ ፍላጎት ይለዋወጣል።

ከዚህ የሚልቀው ግን አንዱሪል የተባለው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ ነው። ይኸው ፕሮግራም በኃይለኛ የእጅ ባትሪዎችም ይገኛል። እንዲህ ያለው ባትሪ ኪስ ውስጥ ሳይታሰብ ቢበራ ጨርቅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቁልፉ አራት ጊዜ ሲጫኑት እንዲቈለፍ ተደርጓል። ነዳፊው መሐንዲስ ይህን አያስበውም ማለት አይደለም፤ ኪሱ የተቃጠለበት ሰው ግን ይቀድመዋል። ፕሮግራሙ ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ ችሎታው ያለው ተጠቃሚ ስሕተት ሲያገኝ የአምራቹን ፈቃድ ሳይጠብቅ ያርመዋል።