የአእምሮ ሕመምና ዘር



ልጅ ሲዳር ዘር ይጠየቃል። «እነእገሌ ቤት እብደት አለ» ከተባለ ጋብቻው ይፈርሳል። ለመሆኑ እብደት በዘር ይወርዳል ወይ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። በዚህ ቆላ አገር ወባ የጠናበት ሰው ይቃዣል፤ ይለፈልፋል። ይህ የዘር ነገር አይደለም። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

እኛ የምንለው ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ የሚሉትን በሽታ ነው። ታማሚው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። «ሊገድሉኝ ነው» እያለ ይጠራጠራል። ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ ሥራውን ይተዋል፤ ከሰው ይርቃል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው።

በጉራጌ አገር፣ በቡታጅራ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠንተው ነበር። በሽታው የተገኘው ከ1 ሺህ ሰው በ5 ያህሉ ላይ ነው። አባት ወይም እናት ከታመመ ግን ነገሩ ይጨምራል። በልዩ ልዩ አገር እንደታየው፣ ከእንዲህ ያሉ 100 ልጆች 10 ያህሉ ይታመማሉ። 90ዎቹስ? እነሱን አይዛቸውም። ዘራቸው ፍጹም አንድ ከሆነ መንታዎች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰሊጥን እንመልከት። አንዱን ዘር በሁለት ማሳ ብንዘራው፣ ውኃ የተኛበት ይጠወልጋል፤ ሌላው ያፈራል። ሰውም እንዲሁ ነው። የሚወረሰው በሽታው ራሱ ሳይሆን ለበሽታው መጋለጥ ነው። በዚያ ላይ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ከባድ መከራ ወይም ሐሺሽ ማጨስ ሲጨመር ሊነሣ ይችላል። ከዘመዶቹ መካከል ብቸኛ ወይም ተጠራጣሪ ሰው ቢኖር፣ እሱ ብቻውን እብደት ነው ማለት አይደለም።

«የእብድ ዘር» የሚለው ስድብ ግን ይጎዳል። ቤተሰቡ የሴት ልጁ ጋብቻ እንዳይፈርስ ሲል ታማሚውን ጓዳ ይደብቃል፤ በሰንሰለት ያስራል። ታማሚው ሳይታከም ዓመታት ያልፋሉ። በሽታው መድኃኒት አለው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ዘር መቁጠራችን ካልቀረ፣ ለመሸሽ ሳይሆን ቶሎ ለማሳከም ይሁን።

መወያያ፦ በመንደራችን የተደበቀ ታማሚ አለ? ወደ ሐኪም ለማድረስ ጎረቤቱ ምን ሊረዳ ይችላል?